የሮሻናራ መቶ ሃያ ቤቶች

ሮሻናራ ቤገም የሶሺዮሎጂ ዶክትሬቷን ከያዘች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ዳካ ውስጥ ያለ አንድ የምርምር ተቋም በየዓመቱ ለስድስት ጀማሪ የማኅበራዊ ሳይንስ ተመራማሪዎች የሁለት ዓመት ፌሎውሺፕ፣ ማለትም የምርምር ድጎማ፣ ይሰጣል፤ ከስድስቱ አንዷ እሷ ነበረች። ደንቡ አንድ ጥብቅ ነገር አለው። ተመራማሪው ጥር ላይ መቶ ሃያ ቤተሰቦችን ይጠይቃል፤ የክረምቱ ጎርፍ ካለፈ በኋላ እነዚያኑ ቤተሰቦች ፈልጎ በድጋሚ ይጠይቃል። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቢያንስ ሰማንያ አራቱን ካላገኘ ሁለተኛው ዓመት አይፈቀድለትም። ሁለተኛው ዓመት ካልተፈቀደ ደግሞ ሮሻናራ ወደ ቦጉራ የሴቶች ኮሌጅ፣ ወደ ትርፍ ሰዓት መምህርነቷ ትመለሳለች።

የመረጠችው ቦታ ጃሙና ወንዝ መሃል ያሉትን ቻሮች ነው። ቻር ወንዙ ራሱ ደለል ከምሮ የሠራው ደሴት ነው፤ ስድስት ሰባት ዓመት ይታረስበታል፣ ከዚያ ወንዙ የሰጠውን መልሶ ይወስደዋል። ቤቶቹን ያየ ሰው ሳይደነቅ አይቀርም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፤ በምስማር ሳይሆን በሽቦ የታሰረ ነው፤ አራት ሰው በግማሽ ቀን ፈቶ ጀልባ ላይ ይጭነዋል። ሮሻናራ ማወቅ የፈለገችው ቤት ሲፈርስ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ ነበር። ግን የሚሄድን ቤት እንዴት አድርገው በዓመቱ ያገኙታል? መንገድ የለ፣ የቤት ቁጥር የለ። እሷ ታዲያ አንድ ጣሳ ቀይ የዘይት ቀለም ገዛች፤ በየቤቱ በር ላይ ባለው ቆርቆሮ ከአንድ እስከ መቶ ሃያ ቁጥር ጻፈች። ቤቱ የትም ይሂድ፣ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል። ኮሚቴው ሐሳቡን በጣም ወደደው።

ሁለተኛ ደንብ ነበር፤ ይኼም ጥሩ ደንብ ነው። ተጠያቂዎች እንዳይጎዱ ቅጹ ላይ ስም አይጻፍም፣ ቁጥር ብቻ። የስም ዝርዝሩና የጥር ቅጾች ታሽገው ተቋሙ ካዝና ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የሚከፈቱት ጥናቱ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዙር ሮሻናራ በእጇ የያዘችው ባዶ ቅጽና የቁጥር ዝርዝር ብቻ ነበር።

ሚያዝያ ላይ እናቷ ሞቱ። በአምስተኛው ቀን ወደ ሥራ ተመለሰች። አላለቀሰችም። እንዴት ነሽ ሲሏት ደህና ትላለች፣ ውሸት አልመሰላትም። ሩዙም ዓሣውም አንድ ዓይነት ሆነባት፤ ጨው ቢበዛም ቢያንስም አታውቅም። ኅዳር ላይ ወደ ወንዙ ስትወርድ ጀልባ ነጂው ኢድሪስ ጠዋት ጠዋት ውሃ ውስጥ ያደረ ሩዝ በቃሪያ ያቀርብላታል፤ እስኪያልቅ ትበላለች፣ ሳህኑን ታጥባለች፣ ትነሳለች። በቀን አምስት ቤት። በሩ ላይ ቁጥሩን ታያለች፣ ትገባለች፣ ስልሳ አራቱን ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ትወጣለች። ሰዎቹን ግን በደንብ አታያቸውም።

አርባኛ ያገኘችው ቤት አርባ ሰባት ቁጥር ነበር። ሳኬራ የምትባል ሴት ደጃፉ ላይ በርበሬ ታሰጣለች።

«ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ስንት ሰው አለ?» አለች ሮሻናራ።

«ማንም።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ይህን ቁጥር ስትጽፍ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌ፣ «በዕድሜዬ ቁጥር ሲሰጠኝ ገና ዛሬ ነው፤ ብዙ ነው ትንሽ?» ብለዋት ነበር።

«አባትየውስ? ዓይነ ስውሩ? ሞቱ እንዴ?»

«የምን አባት?» አለች ሳኬራ። «አፓ፣ እህቴ፣ እዚህ ቤት ሽማግሌ ካልሽ ያ ፍየል ነው።»

ኢድሪስ ከጀልባው ላይ ሆኖ ሳቀ።

«ጥር ላይ እዚህ ቤት ጠይቄያለሁ። ቁጥሩ ይኸው።»

«ቁጥሩማ የሞታሌብ ነው! ወንዙ ሲመጣበት ጀልባ አልነበረው፣ ባሌ ጫነለት። ለጭነቱ ስድስት ቆርቆሮ ሰጠን። ይኼኛው ጽሑፍ ስላለበት ያምራል ብለን በር ላይ አደረግነው።»

«‹ባለፈው ከጠየቅኩሽ ወዲህ› ስልሽ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«የተማረ ሰው ጠይቄሻለሁ ካለኝ እኔ ማን ነኝ አልጠየቅሽኝም የምለው? ረስቼው ይሆናል ብዬ ነዋ!»

ሮሻናራ ወደ ኢድሪስ ዞረች። «ታውቅ ነበር?»

«የጭነት ዋጋ በቆርቆሮ መሆኑን? ማን የማያውቅ አለ፣ አፓ? እኔ ራሴ ዘንድሮ ሁለት ቤት ሙሉ ሠርቼበታለሁ። አንቺ ቁጥር ስትቆጥሪ የቆርቆሮ ጥናት ነው ብዬ ነበር።»

የሚያናድድ ነገር ነው፤ እሷ ግን አልተናደደችም። ቅጹን በመስመር ሰረዘችው። ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ሠላሳ ዘጠኙ ቤቶች ተመልሳ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፦ የበሩ ቆርቆሮ ከየት መጣ? አሥራ ሦስቱ ከሌላ ሰው ነው አሏት። ከሳኬራ ጋር አሥራ አራት ቤተሰብ በሌላ ሰው ቁጥር ተጠይቋል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሥራ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ቁጥሩን ትታ ቆርቆሮውን የሰጠውን ሰው መፈለግ ጀመረች። ማን ጫነ፣ ለማን ጫነ፣ ስንት ቆርቆሮ ተቀበለ፣ ሰጪው ወዴት ሄደ? አንዱ ወደ ሌላው ይመራታል። አማች ለአማች ሲጭን በግማሽ ዋጋ ይጭናል፤ የተጣላ ወንድም በሙሉ ዋጋ ያስከፍላል፤ ባሏ የሞተባት ሴት ቆርቆሮ አትጠየቅም፣ ግን መጨረሻ ትጫናለች። ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚለው ጥያቄዋ መልስ ያለው እዚሁ ነበር፤ ከስልሳ አራቱ ጥያቄዎች አንዱም ይህን አይነካም።

ሞታሌብን ሲራጅጋንጅ በሚባለው ከተማ የወንዙ ግድብ ላይ፣ በፕላስቲክ ሸራ ሥር አገኘችው። አባትየው ድምፅዋን ገና ሲሰሙ፣ «ባለ ቀለሟ! ቁጥሬን ሸጡብኝ እኮ!» ብለው በሁለት እጃቸው እጇን ያዙ። የሽማግሌው እጅ ሞቃት እንደሆነ ታወቃት፤ ሌላ ምንም አልተሰማትም። «ከስልሳ ዓመት በላይ አንድ» ብላ ጻፈች።

ታኅሣሥ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፕሮፌሰር ሚርዳ፣ የምርምሯ አማካሪ፣ ደወሉላት።

«ስንት ደረሰ?»

«ሰባ ስድስት፣ ፕሮፌሰር።»

«ከአሥራ አራቱ ጋር?»

«ዘጠና ይሆናል።»

«ቁጥሩ በራቸው ላይ አለ። ቅጹ ስም የለው። ማንም አያይም፣ ልጄ።»

«ቁጥሩ አለ። ሰዎቹ ግን እነሱ አይደሉም።»

«እኔ ምንም አልነገርኩሽም።»

«እሺ፣ ፕሮፌሰር።»

ሌሊቱን አላሰላሰለችም፤ ሪፖርቱን አስቀድማ ጽፋው ነበር። ሰባ ስድስት የሚለው ገጽ ሁለት ላይ ነው። ከኋላ አራት ገጽ አባሪ አያይዛለች፦ እያንዳንዱ ባለቁጥር ቆርቆሮ ከማን ቤት ወደ ማን ቤት እንደሄደና በምን ዋጋ። ላከችው። ትክክል ሠራሁ የሚል ስሜት ይመጣ እንደሆነ ትንሽ ጠበቀች፤ አልመጣም። ልብሷን አጠበች።

መልሱ የካቲት ላይ ደረሰ፤ አራት መስመር ነው። በደንቡ መሠረት ሁለተኛው ዓመት አልተፈቀደም። አባሪው ‹ትኩረት የሚስብ› ሆኖ ተገኝቷል፤ ከፋይሉ ጋር ይቀመጣል። የተቋሙን ላፕቶፕ እስከ ወሩ መጨረሻ ትመልስ።

መለሰችው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቻርጀሩን ቆጠረ፣ ቦርሳውን ቆጠረ፣ አስፈረማት።

«ሌላ ሥራ አገኘሽ?» አላት።

«የድሮው አለ።»

የአባሪውን አንድ ቅጂ ለራሷ አስቀርታ ነበር። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ካለች ሱቅ አንድ የፕላስቲክ ክላሰር ገዛች፣ አራቱን ገጽ አስገባችበት፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከፎጣዋ ሥር አደረገችው። ከዚያ ለኮሌጁ ርእሰ መምህርት ደወለች።

«ማክሰኞ ጠዋት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያንቺ ነው» አሏት። «የሶሺዮሎጂ መግቢያ። ዘጠና ሁለት ተማሪ።»

«ከየትኛው ምዕራፍ ልጀምር?»

«ያለፈው መምህር ካቆመበት።»

«የት ነው ያቆመው?»

«እሱን የሚያውቅ የለም፣ ልጄ። ልጆቹን ጠይቂያቸው።»

«እጠይቃለሁ» አለች ሮሻናራ። የቦጉራ አውቶቡስ ረዳት እየጮኸ ነበር፤ ትኬቷን አሳየችው፣ ተሳፈረች፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች።