ጡሩምባ ነፊውን ለመቅበር፦ ከመሪ እስከ እንጦጦ

ያን ቀን ጠዋት መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ መነጽሬን ስፈልግ ስልኬ ጮኸ። «አባባ፣ የእድርዎን ግሩፕ ልናድስ ነው። አሁን የገባልዎትን ስድስት ቁጥር ያንብቡልኝ» አለ አንድ ትሁት ድምፅ። አነበብኩለት። እንዳይሳሳት ሰግቼ ደግሜ አነበብኩለት። ሲጨርስም «ተባረክ ልጄ» አልኩት። ሌባ መርቆ የሸኘ ሊቀመንበር ከእኔ በፊት ይኑር አይኑር እንጃ።

ሊቀመንበር የምባለው በፈረንሳይ ለጋሲዮን የድሮ ሰፈራችን እድር ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ሰዉ ወደ መሪ፣ ወደ ወሰን ተበተነ። የጡሩምባ ድምፅ እዚያ ድረስ አይሰማምና መርዶውን በስልክ ግሩፕ ማድረስ ጀመርን። የየቤተሰቡን ዝርዝርም፣ የሚስቱን ስም፣ የልጁን ስም፣ ስልኩን፣ ሁሉንም እዚያው ከተትነው። ቁልፉ ግን የእኔ ስልክ ብቻ ነበር።

ሌባው በእኔ ስም ገባ። እኔን ሆስፒታል አስተኛኝና ለአባላቱ እየደወለ፣ የልጆቻቸውን ስም እየጠራ፣ «ለጋሽ ንጉሤ ማሳከሚያ ብር ላኩ፣ ድረሱለት» ይል ጀመር። ጸሐፊያችን ሰብለ ወጣት ናት፤ ነገሩ ቶሎ ገባት። «በእድሩ ስም የሚመጣ መልእክትም ስልክም እንዳታምኑ» ብላ ላገኘችው ሁሉ አስጠነቀቀች። ልክ ነበረች።

ብዙም ሳይቆይ ከእንጦጦ ብርቄ ደወለች። «ጋሼ፣ አባቴ ሌሊት አረፈ። ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ለሰዉ ይንገሩልኝ» አለችኝ።

አባቷ ጋሽ ወርዶፋ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ከቤት ቤት እየዞረ የሁላችንንም ሟች የለፈፈ እሱ ነው። ግሩፑ ሲመጣ በቃህ አልነው። አሁን የእሱን ሞት የሚናገር ጠፋ። ልብሴን ለበስኩና ወጣሁ።

መሪ

ወይዘሮ አስናቀች ከእኔ ኮንዶሚኒየም ትንሽ እልፍ ብላ ነው የምትኖረው። ጉልበቴን ልቆጥብ ብዬ መጀመሪያ ደወልኩላት።

«አስናቀች፣ ጋሽ ወርዶፋ አረፈ።»

«ሂድ ወዲያ! ደግሞ ሰው መግደል ጀመርክ?»

«ንጉሤ ነኝ እኮ! የልጆችሽን ስም ልጥራልሽ?»

«እሱንማ ጠዋትም ጠርተህልኛል። የሟች ባሌን ስም ሳይቀር!» ብላ ዘጋችብኝ።

አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ። በሩን ገርበብ አድርጋ አየችኝ፤ ሪዜን ሳብ አድርጋም አረጋገጠች። «ይሄንስ የሚሰርቅ የለም» አለች። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ወርዶፋ? እውነት ነው እንዴ?» ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «የባሌን ቀብር የለፈፈልኝ እሱ አልነበር?»

እንግዲህ የሚታመነው ፊቴ ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ፊት ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ በር ብቻ ነው የሚያንኳኳው። አስናቀች በየብሎኩ እየዞረች ልትነግር ቀረች፤ እኔ ሚኒባስ ያዝኩ።

ወሰን

መንገዱ ተቆፍሮ አቧራው ጉድ ነው። ታሪፉ ጨምሯል፤ ወንበሩ ግን ያው የድሮው ነው። ለሦስት በተሠራው ላይ አራተኛ ሆኜ «አባባ ጠጋ፣ ጠጋ» እየተባልኩ ጋራዡ በር ላይ ወረድኩ። መካኒኩ ከማል የእድራችን አባል ነው። ከመኪና ሥር አንገቱን ብቅ አደረገ።

«ጋሼ! ሆስፒታል ተኝተዋል ተብሎ?»

«ድኛለሁ። ሌባው ጥሩ ሐኪም ነው።»

ሳቀ። የመጣሁበትን ስነግረው ሳቁን ትቶ እጁን ጠረገ። ለአባላት ደወለ። አንዱ «ለቀብር ብለህ ደግሞ ስንት ልትጠይቅ ነው?» አለው። ሌላው ጭራሽ አላነሳም። ከማል ስልኩን ኪሱ ከተተና የደንበኛ አሮጌ መኪና አስነሳ።

«ፍሬኑ ገና አልተሠራም» አለኝ፤ «ግን እኛ የምንሄደው ዳገት ነው።»

ፈረንሳይ ለጋሲዮን

በመገናኛ በኩል ዞረን ወጣን። የእኔ ቤት የነበረበት ቦታ በቆርቆሮ ታጥሯል። ገና ያልፈረሱ ጥቂት በሮችን አንኳኳሁ፤ አንዱ ብቻ ተከፈተ። የከፈተችው ትንሽ ልጅ ናት።

«እማዬ የለችም?»

«ሥራ ሄዳለች።»

«የእድር ሰው ነኝ በያት።»

«የእድር ሰው ነኝ ለሚል እንዳትከፍቺ ብላኛለች» አለችና በሩን ዘጋችው። በልቤ አመሰገንኳት። እንደ እሷ ብሆን ኖሮ እዚህ በር ላይ አልቆምም ነበር።

እንጦጦ

አቀበቱ ላይ ሞተሩ ስለፈላ መኪናውን ጥለን በእግራችን ወጣን። ከባሕር ዛፉ መሃል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛ ነው። ከጋሽ ወርዶፋ ደጅ ሸራ ተወጥሯል፤ አግዳሚዎቹ ላይ የተቀመጡት ጥቂት የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ብርቄ ሳመችኝና በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች።

«ሌሎቹ ከኋላ ናቸው?»

ያነበብኩትን ስድስት ቁጥር፣ ሌባውንም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ተቆጥታ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ገባችና ጡሩምባውን ይዛ ወጣች።

«በቃህ ካላችሁት ወዲህም መወልወሉን አልተወም ነበር» አለች። «ይንፉለት። ከታች የሚሰማ አይጠፋም።»

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሜ ነፋሁ። የታመመ ጥጃ ድምፅ ወጣው። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ አንድ እርምጃ ተራምጄ ልድገም ስል እግሬ አዳለጠኝና ከነጡሩምባው ወደቅሁ። እኔ አልተሰበርኩም፤ የጡሩምባው አፍ ግን ተጣመመ። ከማል እያነሳኝ «ጋሼ፣ ቀስ፤ ሁለተኛ ቀብር አንችልም» አለኝ። ብርቄ እንኳ ፈገግ አለች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

አስናቀች አራት ሰው ይዛ ደረሰች። በቃ፣ ሌላ የመጣ የለም። ሳጥኑን የሚሸከም ተገኘ፤ ተቀባይ ግን አልነበረም። ያነሱት ሰዎች ትከሻ ሳይቀይሩ እስከ ደብሩ ወሰዱት። እኔም ከሳጥኑ ሥር ልግባ ብዬ ሞክሬ ነበር፤ ቁመቴ አልደረሰም።

ወደ ቤት

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሰብለ ደወለች። «ጋሼ፣ ግሩፑን አስመለስኩት። ሰዎች ‹እውነት ነበር እንዴ?› እያሉ እየጻፉ ነው።»

አሁን ግሩፑ ሁለት የይለፍ ቃል አለው፤ ሁለተኛውን የያዘችው ሰብለ ናት። የቤተሰቦቹን ዝርዝር ከግሩፑ አውጥተናል። መርዶ ሲኖር በየሰፈሩ አንድ ሰው ደግሞ በእግሩ ሄዶ ለቅርብ ጎረቤት ይናገራል። ሰው ስሙንና የልጁን ስም ሲሰጠን አደራ ማለቱ ነበር፤ እኔ የስልክ ቁጥር ብቻ መስሎኝ። ሌባው የወሰደው ብር ብዙ አይደለም ይላሉ። አንዱ ሲጮህ ሌላው የሚነሳበትን እምነት ነው የወሰደብን፤ ለዚያም በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ።

ብርቄ ስንለያይ «ሲቃና ያምጡልኝ» ብላኝ ነበር። ከማል ጡሩምባውን ካቃናው ሰነበተ። እኔ ግን አሁንም ቁም ሳጥኔ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከሰዓት በኋላ አፉን በጨርቅ አፍኜ እለማመዳለሁ፤ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጥጃ ገዛህ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። ጡሩምባውን ከመመለሴ በፊት ለጋሽ ወርዶፋ አንዴ በደንብ የመንፋት ዕዳ አለብኝ።