በሕይወት ላለች ሴት የተነፋ ጥሩምባ

ኮሮና አገር ውስጥ ገባ በተባለበት መጋቢት፣ ሆሳዕና ውስጥ መጀመሪያ ያለቀው በረኪና ነው። ቀጥሎ ሳሙና፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለ ባለ ሱቅ «ለአንድ ቤት አንድ ሳሙና» ብሎ ካርቶን ላይ ጽፎ በሩ ላይ ሰቀለ። ሰዉ መጀመሪያ ሚስቱን፣ ከዚያ እህቱን፣ ከዚያ የቤት ሠራተኛውን እየላከ ለአንድ ቤት አራት ጊዜ ገዛ። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ደግሞ «ደብቆት ነው» ብሎ ከሰሰው። ሱቁ ታሸገ። በከሳሾቹ ቤት ስንት ሳሙና እንደነበር አላየሁምና አልጽፍም። ያየሁትን ብቻ እጽፋለሁ፤ እሱም ይበቃል።

ከሁሉ በፊት የራሴን ላስቀድም። በሬዲዮ ዜና ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ አንድ ልማድ ነበረኝ። አለ የተባለውን ነገር ሄጄ ሳላይ አለ አልልም። በዚያ ሰሞን ግን ሰው አትጠጉ፣ ሥራውን በስልክ ጨርሱ ተባልን። ጉዳዩ ለሚመለከተው ኃላፊ ደውዬ ስለ መድኃኒት አቅርቦት ጠየቅኩት። ጥያቄዬን ልጨርስ ስል ጎረቤቴ ትዝ አለችኝና «የአስም ፓፍስ?» አልኩ። ፓፍ የምንለው ትንፋሽ ሲያጥር ወደ አፍ የሚረጨውን ትንሽ ብልቃጥ ነው። «እሱም በበቂ ሁኔታ አለ፤ እጥረት የለም» አለኝ። ከቢሮዬ እስከ ትልቁ ፋርማሲ በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። አልሄድኩም። ምሽት ላይ ዜናው እንዳለ ተነበበ።

ሰሚው የሰማው እኔ ያሰብኩትን አይደለም። በሽታው ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ለትንፋሽ ማጠር መድኃኒት አለ፤ እስካሁን አላለቀም። ይህን ነው የሰማው። በማግስቱ እኩለ ቀን ሳይደርስ አለቀ።

ጎረቤቴ የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ናት። ሰፈሩ ሁሉ ቲቸር ይላታል፤ ግማሹን ሰፈር ያስተማረችው እሷ ናት። ልጇ ደቡብ አፍሪካ ነው፤ ብቻዋን ትኖራለች። አስም ከልጅነቷ ጀምሮ አለባት። አንዱ ፓፍ ሊያልቅ ሲል ሌላ ትገዛለች። ሁለት ገዝታ አታውቅም፤ «ሌላውም ታማሚ አለ» ትላለች። ትምህርት ቤት የተዘጋ ሰሞን አሮጌው ሊያልቅባት ነበር።

ለእሷ ልገዛ ፋርማሲ ስሄድ መድኃኒት ቤቱን የያዘችው ሴት በሩ ላይ ከተወጠረው ገመድ ማዶ ሆና አየችኝ።

«ጋዜጠኛው! አንተ ነህ ባዶ ያስቀረኸኝ።»

«ምን አደረግኩ?»

«እጥረት የለም አልክ። ጠዋት ስከፍት ሰልፍ ነበር። አንዱን አስም አለብህ ወይ ብዬ ብጠይቀው ‹ገና ነው› አለኝ።»

ሳልወድ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

«ታዲያ ያለ ማዘዣ ለምን ሸጥሽ?»

«የማውቃቸው ናቸው። አብሬያቸው የማመልክ፣ አብሬያቸው የምቀብር ሰዎች። እምቢ ብላቸው ነገ ቤቴ ለቅሶ ሲሆን ማን ይመጣል?»

«የእኛ ሰፈር ሰዎች ናቸው?»

«ስም አትጠይቀኝ» አለችና ፊቷን ወደ ባዶው መደርደሪያ አዞረች። በቂ መልስ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱን ሞተር ይዤ ወደ ጎረቤት ከተማ ዳምቦያ ሄድኩ። እዚያ ያለው ባለ መድኃኒት ቤት ከትናንት ወዲያ ከሆሳዕና ሁለት ሰዎች መጥተው ያለውን ጠቅልለው እንደወሰዱ ነገረኝ። ከዚያ አልፌ ወደ አዲሎ ከተማ ቀጠልኩ። የአዲሎው መድኃኒት ሻጭ ሽማግሌ የመጣሁበትን ሲሰማ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ።

«አንተ አምስተኛው የሆሳዕና ሰው ነህ። ምነው፣ እናንተ አገር አየር አለቀ እንዴ?»

አቧራ ለብሼ ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ነበር የማሰላው። ቲቸር ዘንድ የቀረው ስንት መርጨት ነው?

ዳምቦያ ከመሄዴ በፊት፣ በዚያው ሳምንት ብሶባት ባጃጅ ብንጠራ ሾፌሩ ሳሏን ከበር ሰምቶ ዞሮ ሄዷል። ከኋላዬ በሞተር አፈናጥጬ ሆስፒታል አደረስኳት። ኦክስጅን ተሰጣት፣ መድኃኒቱን በእንፋሎት መልክ ሳበች፣ ተሻላት። ሐኪሙ ሳል ያለበት ሰው ከሚበዛበት ይልቅ ቤቷ ብትሆን እንደሚሻል ነገራት። «ፓፍ ግን ከእጅሽ አይለይ። የሚቀጥለው ሲነሳብሽ እዚህ እስክትደርሺ ላይጠብቅሽ ይችላል» አላት። ያኔ ነው ጉዳዩ የሳሙናና የሎሚ አለመሆኑ ቁልጭ ብሎ የታየኝ።

ከአዲሎ ስመለስ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ፣ ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰቅሎ። ብልቃጡን ከጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው።

«ሁለት... ወይ ሦስት» አለች። ሁለት ቃል ተናግራ ታርፋለች። «አገኘህ?»

«የለም» አልኳት።

በግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን ድምፃችንን ሰማች መሰለኝ። በየማለዳው እንደምታደርገው ከአጥሩ ሳታልፍ ጮኸች።

«ቲቸርዬ! እየጸለይንልሽ ነው!»

«እግዚአብሔር... ይስጥልኝ» አለች ቲቸር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ፓፉ ዳምቦያ... የለም። አዲሎም የለም። እዚሁ ሰፈር... ነው ያለው።»

በማግስቱ ማለዳ በር ለበር ዞርኩ። አሥራ አንድ በር አንኳኳሁ። ሁሉም ከበሩ ስንጥቅ ነው ያናገሩኝ። «እኛ ጋ? ኧረ የለም።» «ቲቸር እንዴት ሆነች? ሰላም በልልን።» አንዲት እናት «ብትፈልግ ነጭ ሽንኩርት አለን» አለችኝ። ከበስተኋላዋ ሽንኩርቱ በጆንያ ቆሞ ይታየኝ ነበር።

ለቲቸር ነገርኳት። ከዚያ የእድሩን ዳኛ ጥራልኝ አለችኝ።

እንደ ሌላው አገር ሁሉ የእኛም እድር ሰው ሲሞት ጥሩምባ ያስነፋል። ጥሩምባ ነፊው በየመንገዱ እየቆመ መጀመሪያ በሀድይኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ የሟቹን ቤት ይናገራል። ጥሩምባ ተሰምቶ ቤቱ የሚቀር ሰው የለም፤ የቀረ ይቀጣል። በዚያ ሰሞን ግን መሰብሰብ ስለተከለከለ ጥሩምባው ከተነፋ ሳምንታት አልፈዋል።

ዳኛው ማስክ አድርጎ፣ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ መጣና አጥሩ በር ላይ ቆመ። ቲቸር ከበረንዳው ተናገረችው።

«ስሞት የምታስነፋውን... አሁን አስነፋልኝ።»

«ምን አልሽ ቲቸር?»

«ፓፍ ያለው ያምጣ... ብሎ ይንፋ።»

«አይሆንም እኮ። ጥሩምባ ለሞት ነው። በሕይወት ላለ ሰው ነፍተን አናውቅም። ደንባችን ላይ የለም። ደግሞም መጥፎ ነገር መጥራት ነው።»

«ሃያ ዓመት... በእድሩ አለሁ። ለሬሳዬ ብቻ ነው?»

«ሕዝብ መሰብሰብም ተከልክሏል። ታውቂያለሽ።»

«አይሰበሰቡም። ፓፍ ያለው... ብቻ ነው የሚመጣው። የለንም ካሉ... ማን ይመጣል?»

ዳኛው ስለ ደንቡ፣ ስለ አንቀጹ፣ ጠቅላላ ጉባኤ ስለሚወስነው ነገር ያስረዳት ጀመር። እሷ ለመመለስ አየር አልነበራትም። እኔ ሰው ላይ የምጮህ ሰው አይደለሁም። ያን ቀን ግን ጮኽኩ። «ነገ ስትሞት ደንቡ ይፈቅድልሃል፤ እስከዚያ ልንጠብቅ?» አልኩት። ዳኛው ወደ ጥሩምባ ነፊው ቤት ሄደ።

ጥሩምባ ነፊው የመጣው ረፋድ ላይ ነው። የታዘዘውን አሳምሮ አደረገ። መንገዱ መሐል ቆሞ ረጅሙን ነፋ፤ ከዚያ በሁለቱም ቋንቋ ለፈፈ። «ቲቸር በሕይወት አለች! ትንፋሽ አጥሯታል! ፓፍ ያለው ከነካርቶኑ ያምጣ!»

ግን ማን እስከ መጨረሻው ይሰማል? ጥሩምባው ሲጮህ ሰው ልብሱን እየለወጠ ነበር። አሥራ አንዱም በር ተከፈተ። እነዚያው በስንጥቅ ያናገሩኝ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ማስክ ያላደረገ፣ ርቀት የማይጠብቅ፣ ትከሻ ለትከሻ የተጋፋ ሕዝብ መንገዱን ሞላው። በግድግዳው ማዶ ያለችው ጎረቤታችን «እህቴን! እህቴን!» እያለች ደረቷን እየመታች ከፊት ትመራለች። ለሦስት ሳምንት ያላለፈችውን አጥር በሩጫ አለፈችው።

በረንዳው ላይ ቲቸር ተቀምጣለች።

ልቅሶው በመሐል ተቆረጠ። ከኋላ ያሉት ስላላዩ ለጥቂት ጊዜ ማልቀሳቸውን ቀጠሉ።

«አልሞትኩም» አለች ቲቸር። «ተቀመጡ... አይ፣ አትቀመጡ። ተራራቁ።»

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጎረቤታችንን ለይታ አየቻት። «ለእኔ ነው... ነጠላሽን ያዘቀዘቅሽው?» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አወረደች፣ እንደገና አነሳች፣ ምን እንደምታደርገው ጠፋት። ፊቷን አዙራ ሄደች። ስትመለስ በእጇ ሁለት ፓፍ ነበር። ማሸጊያቸው አልተነካም።

ከእሷ በኋላ ሌሎቹም እየሄዱ ተመለሱ። አንዱ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና። «ለድንገቱ ብለን ነው» አለ አንድ ሰው። ድንገቱ ፊቱ ተቀምጦ ነበር። አግዳሚው ላይ ስድስት ፓፍ ተደረደረ። ሰባተኛው የመጣው ከሩቅ አይደለም፤ ዳኛው ካፖርቱን ፈትቶ ከውስጥ ኪሱ አወጣው። ጠዋት አጥሩ በር ላይ ቆሞ ስለ ደንቡ ሲያስረዳት ኪሱ ውስጥ ነበር? ወይስ በኋላ ከቤቱ አምጥቶት ነው? አላውቅም። ያኔ አልጠየቅኩትም። በሥራዬ ከዚያ የከፋ ዝምታ አላስታውስም።

ቲቸር አንዱን ከፍታ ነቀነቀች፣ ረጨች፣ ትንፋሿን ያዘች። ጠበቀችና ደገመች። ያ ሁሉ ሕዝብ አንዲት ሴት እስክትተነፍስ ቆሞ ያይ ነበር። ትከሻዋ ቀስ በቀስ ወረደ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ስትችል የመጀመሪያው ይህ ነበር።

«አንድ ይበቃኛል፤ የቀረውን ለፋርማሲዋ ሴት መልሱላት። በዚህ ከተማ አስም ያለብኝ እኔ ብቻ አይደለሁም።»

በማግስቱ ሬዲዮ ላይ እጥረት የለም ያልኩት ሳላይ እንደሆነ፣ ስህተት እንደነበር ተናገርኩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም ልብ ሳይለው አለፈ። ከወር በኋላ ግን በአለቆቼ ትእዛዝ ስለ ሕዝቡ መረዳዳት ዝግጅት ተሠራ። የእኛ ሰፈር እድር በምሳሌነት ተጠራ። «ለአንዲት ታማሚ እህት ስድስት ቤተሰብ መድኃኒቱን አካፈለ» ተባለ። መድኃኒቱ ከማን እንደተወሰደ የጻፍኩበት አንቀጽ ተቆርጦ ነበር። ዳኛውም ቃለ መጠይቅ ሰጠ፤ ስለ አብሮነት ጥሩ ተናገረ።

መረዳዳት አልነበረም አልልም። ሰባቱ ፓፍ መጥቷል፤ አይቻለሁ። የመጣው ግን ሬሳ ለማየት በወጣ ሕዝብ እጅ ነው። ጥሩምባው ለልቅሶ ባያስወጣቸው ኖሮ ብልቃጦቹ ከየአልጋው ሥር ባልወጡ ነበር። ሰባቱን ከገዙት ቤቶች አስም ያለበት ሰው የነበረበት አንድም የለም። ሁሉም የተገዙት ከእኔ ዜና በኋላ ነው። ይህን አረጋግጫለሁ፤ የፋርማሲዋ ሴት ቆይታ ስም ነግራኛለች።

አሁን ጥሩምባ እንደ ቀድሞው ይነፋል፤ ሰው ይሞታል፣ እንቀብራለን። ጥሩምባው በተሰማ ቁጥር ቲቸር ያለችበትን ሥራ ትታ አጥሯ በር ላይ ወጥታ ትቆማለች። ፓፏን በእጇ ይዛ፣ የሚያልፈው ሁሉ እንዲያያት። ጎረቤታችን ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ስትወጣ ታገኛታለች።

«ቲቸርዬ፣ ደህና ነሽ?»

«ዛሬ እኔ አይደለሁም» ትላታለች። «ካላመንሽ ነይና ትንፋሼን አዳምጪ።»

ጎረቤታችን አንድም ቀን ቀርባ አላዳመጠችም።