ዱፌ ወይስ ዱኤ

ስልክ ሳወራ እጮኻለሁ። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ «እማዬ፣ መስመሩ ጥሩ ነው እኮ! ጎረቤቱን ሁሉ አሰማሽው!» ይሉኛል። ይስማ፣ ምን አገባኝ። እኔ የሠራሁት በደርግ ጊዜ አሰበ ተፈሪ ስልክ ቤት ነው፣ ዛሬ ጭሮ በሚሉት ከተማ። እዚያ ያልጮኸ አይሰማም ነበር። ግን የምጮኸው በዚያ ብቻ አይደለም፤ ለልጆቼ ነግሬያቸው አላውቅም።

ስልክ ቤታችን አንዲት ክፍል ነበረች። ከፊቴ ቀዳዳ የሞላበት የእንጨት ሰሌዳ፣ ራሴ ላይ ማዳመጫ፣ በቀኝ እጄ የማዞራት እጀታ። እጀታዋን ሳሽከረክር ሂርና ወይም ሚኤሶ ያለው ደወል ይጮኻል፣ እዚያ ያለው ባልደረባዬ ያነሳል፣ እኔም ገመዱን ቀዳዳው ላይ ሰክቼ ሰውና ሰው አገናኛለሁ። ወደ ሚኤሶ የሚሄደው ሁለት ሽቦ ነው፤ በስልክ እንጨት ላይ ተንጠልጥሎ ዳገቱን ወርዶ ቆላው ይገባል። ነፋስ ሲነካው ያለቅሳል፣ ዝናብ ሲመታው ያኮርፋል። ስንቱን ቀን ተጣልቼዋለሁ መሰላችሁ!

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት አንዲት ጫት ነጋዴ ገቡ። ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል፤ አፋቸው ሹል፣ እጃቸው ለጋስ። የመጨረሻ ልጃቸውን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውባቸው ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው ጠፍቶ ነበር። ወንድማቸው የሚኖረው ሚኤሶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው፤ ባቡር በመጣ ቁጥር ወጥቶ ከሚወርዱት ወታደሮች መሀል የእህቱን ልጅ ይፈልጋል። ያን ቀን ከሚኤሶ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር ገበያ ላይ አግኝቷቸው «ወንድምሽ ስልክ ቤት ይፈልግሻል፤ የልጁ ወሬ አለ» ብሏቸዋል። ሌላ የሚያውቀው የለም።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ቶሎ በይ አገናኚኝ» አሉኝ። ፊታቸው ያበራል። በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ የጫት እስር ይዘዋል። «ይሄ ለወንድሜ የምሥራቹ ነው፤ በከሰዓቱ መኪና እልክለታለሁ። የመጀመሪያውን ቅጠል ቆርጬ ነው።»

«ወሬው ምን እንደሆነ ሳይሰሙ?» አልኳቸው።

«አንቺ ደግሞ! ክፉ ቢሆን በስልክ ይጠራኛል እንዴ? ክፉ ወሬ በሰው ነው የሚመጣ፤ ሽማግሌ ይዞ፣ በር አንኳኩቶ። በስልክ የሚመጣ ደግ ነው።»

እውነታቸውን ነው። በኛ አገር መርዶ እንደዚያ ነው የሚነገረው። እኔም ልቤ ደስ ብሎት እጀታዬን አሽከረከርኩ።

ሚኤሶ ያለው ባልደረባዬ አነሳ። ድምፁ ግን ከጉድጓድ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል፤ መሀሉ እየተበላ፣ እየተንጫጫ። «ሃሎ ሚኤሶ! ሃሎ!» ብዬ ጮህኩ። አይሰማኝም። እኔ እሱን በጭላንጭል እሰማለሁ፣ እሱ እኔን ጨርሶ አይሰማም። ወዲያው ሌላ ድምፅ መጣ፣ የወንድምየው። ማን እንደሚያዳምጠው ሳያውቅ በኦሮምኛ ይጮኻል፤ ከሚለው ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ እየተደጋገመች ትደርሰኛለች። ያቺን ቃል ስሰማ ማዳመጫውን በእጄ ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

ኦሮምኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ባይሆንም አሰበ ተፈሪ ያደገ ሰው ይችለዋል። «ዱፌ» ማለት መጣ ማለት ነው። «ዱኤ» ማለት ሞተ። በደህና መስመር ማንም አይሳሳታቸውም። የታመመ መስመር ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚበላው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ «ፈ»ን፣ «ሰ»ን፣ እነሱን ይውጣቸዋል። እንግዲህ ያ ሰው «ዱፌ» ብሎ «ፌ»ዋን ሽቦው በልቷት ይሁን፣ ወይስ ከመነሻው የለችም? በአማርኛ ይንገረኝ እንዳልል አይሰማኝ። ቢሰማኝስ? መጣ፣ ሞተ። በአማርኛውም ያው ነው፤ ከሩቅ ሲሰማ ሁለቱም «ም» እና «ት» ናቸው። ወይ ጉድ! ከዚያን ቀን በፊት እነዚህ ቃላት እንዲህ ጉርብትና እንዳላቸው ልብ ብዬ አላውቅም።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«መስመሩ ነው፣ እናቴ። አይሰማም።»

«እኔ ልስማው!» ብለው ማዳመጫውን ከራሴ ላይ ሊነጥቁኝ ደረሱ። ሰጠኋቸው፣ ምን ላድርግ። አይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ከዚያ ፊታቸው ፈካ። «ዱፌ! ዱፌ ነው የሚለው! መጥቷል ልጄ! አልሐምዱሊላህ!» ብለው እልል አሉ፤ ደጅ የቆሙት ሁሉ ወደ ውስጥ አንገታቸውን አሰገጉ። «አሁን ድምፁን አሰሚኝ። የልጄን ድምፅ ሳልሰማ ከዚች አግዳሚ ወንበር አልነሳም» ብለው ተቀመጡ።

እሳቸው «ዱፌ» ሰሙ፤ እናት ሌላ ምን ትሰማለች? እኔ ግን «ዱኤ» የሰማሁ መስሎኛል። መስሎኛል ብቻ! በመሰለኝ ደግሞ የሰው ደስታ አይነጠቅም። ያለው መፍትሔ አንድ ነበር፤ መስመሩ መጠገን አለበት።

የመስመር ጠጋኛችን ጓሮ ነበር። የከተማችን ልጅ ነው፤ ኦሮምኛም አማርኛም እኩል የሚያወራ፣ ጴንጤ። በዚያ ዘመን ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ስለነበር መዝሙሩን የሚዘምረው እንጨት ላይ ወጥቶ ነው። «እዚያ ላይ ማን ይሰማኛል?» ይለኛል። ውሸት የሚባል ነገር አይወጣውም። አለቃችን ቢሮው ውስጥ ተደብቆ «የለም በል» ሲለው እንኳ «አለ፣ ግን የለም በል ብሎኛል» ብሎ ስንቴ አስቆናል መሰላችሁ። ጠርቼ የሰማሁትን በጆሮው ነገርኩት። ሳቁ ጠፋ።

«ከራሳችን እንጀምር» አለኝ። «ሂርናን ጥሪ።»

ሂርና ያለችውን ባልደረባዬን ጠራሁ፤ ጥርት አድርጋ ሰማችኝ። «ምን ያስጮኽሻል፣ አልደነቆርኩ!» ብላ ተቆጣችኝም። እንግዲያው ሰሌዳዬም ማዳመጫዬም ደህና ናቸው፤ ሕመሙ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። ጠጋኙ የመሞከሪያ ስልኩን በትከሻው፣ እንጨት መውጫ ገመዱን በወገቡ አድርጎ ወደ ሚኤሶ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፈረ።

አሠራሩ እንዲህ ነው፤ መንገድ ላይ ይወርድና አንድ እንጨት ላይ ወጥቶ ስልኩን ሽቦው ላይ ያያይዛል። ለእኔ ይደውላል። በደንብ ከተሰማማን እስከዚያ ያለው ሽቦ ጤነኛ ነው፤ ሕመሙ ከዚያ ወዲያ ነው። እንደገና ይሳፈራል፣ እንደገና ይወጣል። መጀመሪያ ከከተማው መውጫ ደወለ፤ ጥርት ያለ ነው። ከዳገቱ ወገብ ደወለ፤ ደህና ነው። በመሀሉ እኔ ሚኤሶን እየጠራሁ እጮኻለሁ፣ እሳቸው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ከጣሳ ውሃ እየዘገኑ ጫቱ ላይ ያርከፈክፋሉ፤ እንዳይጠወልግ። ስለ ልጁ ያወሩኛል። ሕፃን ሳለ ገበያ ይዘውት ሲመጡ ጫት ጆንያ ላይ እንደሚተኛ፤ አሁን ግን ቁመቱ በር እንደሚያስጎነብሰው። «ከስቶ ይሆናል» ይላሉ። «አበላዋለሁ፣ ምን ቸገረኝ።» እኔ ወደ ሰሌዳዬ ዞሬ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ አቃጨለ። ጠጋኙ ነው። ድምፁ አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሏል።

«አገኘሁት» አለኝ። «ሽቦው ተበጥሶ ኖሯል። መንገደኛ አይቶት፣ ደግ አስቦ፣ ጫፍና ጫፉን በዛገ የአጥር ሽቦ አስሮታል። ደወል ያልፍበታል፣ ቃል ግን አያልፍበትም። ቆርጬ በደህና ሽቦ ቀጠልኩት።»

«ታዲያስ?» አልኩት፤ መጮኽ አላስፈለገኝም።

«ተሠርቷል።»

ነፋሱ ሽቦው ላይ ሲያፏጭ ይሰማኛል።

«ከዚህ ሆኜ ሚኤሶን ጠርቼ ከአጎትየው ጋር አወራሁ» አለ። ከዚያ፣ «ፌ የላትም፣ እህቴ» አለኝ።

እሱ ቀጠለ። ልጁን የቀበረው ጓደኛው ትናንት ከባቡር ወርዶ ነው ለአጎትየው የነገረው። አጎትየው ሾፌሩን የላከው ለእሳቸው አልነበረም፤ ለሰፈራቸው ሽማግሌ ነበር፣ ሽማግሌው ስልክ ቤት መጥቶ እንዲሰማና ዘመድ እንዲሰበስብ። ሾፌሩ ገበያ ላይ እናቲቱን ቀድሞ ስላገኘ ነገሩ ሁሉ ቀላል መስሎት ለእሳቸው ነገራቸው። ጠዋት ያ ሰው ይጮኽ የነበረው ሽማግሌው የሚሰማው መስሎት ነው።

«አጎትየው አሁን በመኪና ተነስቷል» አለኝ። «ሽማግሌውን ሰው ላኪበት። እስኪደርሱ ድረስ ለእናቲቱ መስመሩ አልተሠራም በያቸው። እኔ ነኝ ያልኩት በይ። መርዶ በሽቦ አይነገርም።»

ያ ውሸት የማይወጣው ሰው! በእጁ የሠራውን መስመር አልሠራሁትም በይልኝ አለኝ።

«እሺ» አልኩት። «ገባኝ። ቀስ ብለህ ውረድ።» ማዳመጫዬን አወለቅሁ። ፊቴን አስተካክዬ ዞርኩ።

«እናቴ፣ መስመሩ እምቢ ብሏል። ለዛሬ አይሠራም አለ ጠጋኙ። ቤትዎ ገብተው ይረፉ፤ ወንድምዎም በመኪና ይመጣል።»

እጃቸው ጣሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ። «ከጠዋት ጀምሮ ስትጮኺ ነው የዋልሽው። አሁን ለምን ቀስ ብለሽ አወራሽ?»

ገመዶቹን ከሰሌዳው መንቀል ጀመርኩ።

«ተሠርቷል አይደል?» አሉኝ። እንባዬ መለሰላቸው። «ዱኤ» አሉ፣ ለራሳቸው፤ ክፍሏ ውስጥ ቃሏ ጥርት ብላ ተሰማች። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።» እጃቸውን ከውሃው አውጥተው ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ወንድማቸው ሰው ልኬ ካስጠራኋቸው ሽማግሌዎች ጋር እስኪደርስ ድረስ ከአግዳሚው አልተነሱም፤ እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ ደወሉ ይጮኻል፣ አላነሳሁትም። ጫቱ ላይ ከዚያ በኋላ ውሃ ያርከፈከፈ የለም።

ልጆቼ ከሩቅ ከተማ ሲደውሉልኝ፣ ቀስ ብዬ ያወራሁባትን ያቺን ቀን እያሰብኩ እጮኻለሁ። «እማዬ፣ መስመሩ ጥሩ ነው እኮ» ይሉኛል። አውቃለሁ።