እናቴ አንድ ክር እስክትፈትል

ስኳር ያልገባበት ዳቦ አፍዎ ውስጥ ጣፍጦዎት ያውቃል? እኔ በልጅነቴ ጣፍጦኛል። ጨንቻ ውስጥ እናቴ ጥጥ ስትፈትል የገብስ ቂጣ ትቆርስልኝና «ይቺን ክር ፈትዬ እስክጨርስ አትዋጥ፤ ማሩ ይመጣል» ትለኝ ነበር። ይመጣም ነበር።

እናቴ ባረፈች በስድስተኛው ወር ታናሽ እህቴ አልማዝ ደወለች። «አባ እህል አልገባ ብሎታል። አመድ አመድ አለኝ ይላል። ና።» በማግስቱ ባዮሎጂ ከማስተምርበት ከአርባ ምንጭ ተነሣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት

ሲቀላ ገበያ የኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ገዝቼ የጨንቻ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሙቀቱ እስከ ዳገቱ ግርጌ አብሮን መጣ። መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር መስኮቶቹ ተዘጉ፤ ላይኛውን ቀርከሃ ጉም ሸፍኖታል። አጠገቤ ያሉት ሴት ጥጥ የሞላበት ማዳበሪያ ታቅፈዋል።

«ለፈትል ነው?» አልኳቸው።

«ታዲያ ልበላው ነው?»

እስከ ጨንቻ ጥጡን እያሸተትኩ ሄድኩ።

ቀትር፣ ጨንቻ

አባቴ ሸማ መሥሪያው ላይ ተቀምጧል፤ መወርወሪያው ግን እጁ ላይ ቆሟል። ከስቷል። ሙዙን አየት አድርጎ «ይሄ ያለ እኔ ጣፍጦ መጥቷል፤ ለእኔ ምን ሥራ ተረፈኝ?» አለ።

እንደ ልማዴ ማስረዳት ጀመርኩ። ምራቅ ውስጥ አሚሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ የእህሉን ስታርች ቆራርጦ ስኳር ያወጣል። የአሠራሩ መመሪያ ያለው ጂን ላይ ነው። የዚህ ጂን ቅጂ በአንዳንዱ ሰው ጥቂት፣ በሌላው ብዙ ነው፤ ከፊሉን ከእናት፣ ከፊሉን ከአባት እንወርሳለን። ቶሎ ከዋጡ ግን ኢንዛይሙ ጊዜ አያገኝም።

«አስተማሪው» አለ አባቴ፣ «ተማሪዎችህ ምሳ ሳይበሉ ነው የሚውሉት?»

አልማዝ ሳቀች። ከዚያ የእናታችንን እንዝርት ከግድግዳው አወረደች። ካረፈች ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ለአባቴ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችውና መፍተል ጀመረች። እሱም እንዝርቱን እያየ አኘከ። ክሩ ረዘመ፣ ረዘመና ተበጠሰ።

«መጣ?» አለችው።

ቁራሹን ዋጠ። «የእናትሽ ክር ይረዝም ነበር» አለና እጁን ለሁለተኛው ቁራሽ ዘረጋ።

እሁድ

ወደ ሙቀቱ ስወርድ አልማዝ የጠቀለለችልኝን ቂጣ ቀስ ብዬ አኘክሁ። ማሩ መጣ። ይህን ትምህርት ክፍል ውስጥ ደጋግሜ አስተምሬዋለሁ። ጨንቻ ድረስ ሄጄ ያጣኋት እናቴ በሰጠችኝ የጂን ቅጂ አፌ ውስጥ ዛሬም እንደምትሠራ ግን የገባኝ እዚያ ቁልቁለት ላይ ነው።

እርስዎም ስኳር የሌለው ቁራሽ ይያዙ። አይቸኩሉ። አጠገብዎ የሚፈትል ከሌለ፣ የናፈቁትን ሰው እያሰቡ ያኝኩ።