ስማችን ሲጠራ

ነፍሳቸውን ይማርና፣ አያቴ ከኦሎምፒክ ሩጫ ይልቅ የሚናፍቁት መክፈቻውን ነበር። የየአገሩ ስም እየተጠራ ቡድኖቹ ሲገቡ፣ «ኢትዮጵያ» የተባለ እንደሆነ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመደባቸው ብድግ ይላሉ።

አንድ ጊዜ አክስቴ፣ «አባባ፣ ገና ምን አሸነፍንና ይነሣሉ?» ብላ ሳቀች።

«ሌላው ሲሄድ እኛ የቀረንበት ዘመን ነበር» አሏት። «ሬዲዮኑን ከፍቼ ስማችንን ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ የሚጠራን ጠፋ። መሸነፍም እኮ የሄደ ሰው ወግ ነው፣ ልጄ።»

አክስቴ ከዚያ ወዲህ አብራቸው መነሣት ጀመረች።

ትናንት ራቤል ባለው የአያቴ ቤት ተሰብስበን፣ ያለ እሳቸው የመጀመሪያውን መክፈቻ በቴሌቪዥን አየን። ተራችን ሲደርስ አክስቴ እንደ ልማዷ ተነሥታ ወደ መደባቸው ዞረች። የሚነሣ ሰው አልነበረበትም።