ዳቦ ጋጋሪው የገዛው ምድጃ

ዳቦ ጋጋሪው ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት የቆመ ሰው ነው። ታዲያ ብርድ አልለቅ ላላቸው እናቱ እንጨትም ከሰልም የሚያነድ ምድጃ ሊገዛ ሲሄድ፣ ዓይኑ ትልቁ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰውዬ፣ እናትህን ልትጋግራቸው ነው?» አለችው አብራው የመጣችው ሚስቱ።

ሻጩ ሳቀ። «ክፍሉ ጠባብ ከሆነ በዚህ ሙቀቱ ይበዛባችኋል፤ ሙቀቱን ለመቀነስ አየሩን ስትዘጉበት ደግሞ ይታፈንና ያጨሳል።»

የእናቱ ደረት ጭስ አይችልም። ቅር እያለው ትንሹን ገዛ።

ሲመሽ አንድ ፍልጥ ብቻ ከተተበት። እሳቱ ከምድጃው በር መስታወት ጀርባ እንደ ሐር ተዘረጋ፤ ክፍሉ እስከ ጥጉ ሞቀ። እናቱ ብርድ ልብሱን ከትከሻቸው አወረዱ። እሱ ግን ወንበር ስቦ ፈዞ ቀረ።

«ለካ እንዲህ ያምራል!» አለ በሹክሹክታ። «እኔ እኮ ሁልጊዜ ዳቦውን ነበር የማየው።»