በየትኛው ትምላለህ?

አልምልም ስላልኩ አሰሩኝ። መጀመሪያ የያዙኝ በሌላ ነገር ነው፤ እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን አብረውኝ የታሰሩት ሁሉ አንድ ቀን ጠዋት ምለው ሲወጡ እኔን ብቻ ያስቀሩኝ፣ ከዚያም ከወር በላይ የጨመሩልኝ፣ ሃይማኖት ስለሌለኝ ነው። ክስ አልነበረም። ዳኛ አላየሁም። ይቅርታ የጠየቀኝም የለም።

ሥራዬ ጎሚስታ ነው። ያን ጊዜ ላምበረት፣ ከመናኸሪያው አጥር ጥግ፣ በቆርቆሮ የተከለለች ቦታ ነበረችኝ። ወረዳው ስብሰባ ጠራን። ቦታው ለልማት ይፈለጋል፣ ቶሎ ልቀቁ ሊለን ነው። እንደ ደንቡ ስብሰባው በምርቃት ተከፈተ። ቄሱ ቆሙ፣ ሼኩ ቆሙ፣ ሰው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። እኔ ተቀመጥኩ። ለመናቅ አይደለም፤ ስለማልጸልይ ነው። ምርቃቱ ሲያልቅ እጄን አውጥቼ፣ «ይኼ ሲወሰን እኛ የት ነበርን?» አልኩ። ከኋላ ጥቂት ሰው አጨበጨበ። በሦስተኛው ቀን ጎማ ከቸርኬ እያላቀቅኩ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡ። በማስቲሽ የጠቆረ እጄን እንኳ አላስታጠቡኝም።

በፒክአፕ ጭነው በኦሎምፒያ በኩል ወሰዱኝ። መብራት ያዘንና ቆምን። ከጎናችን አንዲት ሴት መኪናዋ ውስጥ ሆና ከንፈሯን ትቀባ ነበር። አየችኝና መስኮቷን ዘጋች።

ጣቢያው ቦሌ ውስጥ፣ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የሚያልፍበት ሰፈር ነው። መዝጋቢው ፖሊስ ገና ልጅ እግር ነበር።

«ሃይማኖት?»

«የለኝም።»

«እንዴት የለህም? ክርስቲያን ነህ ሙስሊም?»

«ሁለቱንም አይደለሁም።»

ቀና ብሎ አንገቴን አየ። ማተብ ፈልጎ ነው። አጣ። ከዚያ የአባቴን ስም አየና የመሰለውን ጻፈ። «ግባ፣ ግባ» አለኝ።

ክፍሉ ድሮ ዕቃ ማስቀመጫ የነበረ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ያለች ቀዳዳ ናት። የእግርና የበረኪና ሽታ አፍንጫ ይይዛል። ጫማ በሩ ሥር ተቆልሏል። ሰው ጎን ለጎን ተደርድሮ ነው የሚተኛው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። አውሮፕላን ሲያልፍ ወሬ ይቆማል። የጀመረውን ቃል በአፉ ይዞ ጣሪያውን እያየ የሚጠብቅ ሰው እዚያ ነው ያየሁት።

እስረኛው የመረጣቸው የክፍሉ ካቦ ሐጂ የምንላቸው ሽማግሌ ነበሩ። ከስልጤ መጥተው አዲስ አበባ የከበሩ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ሰው ናቸው። ለምን እንደታሰሩ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ምግብ ከየቤቱ ይመጣል። ሥጋ ያለበት ቀን ሳህኑ ይለያል፤ የክርስቲያን በዚህ፣ የሙስሊም በዚያ። እኔ ምግብ የሚያመጣልኝ ሰው አልነበረኝም። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ሐጂ ጠሩኝ።

«ና እስቲ ልጄ። የማን ሥጋ ነው የምትበላው?»

«የበሬ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሐጂም ሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«የምሬን ነው የምጠይቅህ።»

«እኔም የምሬን ነው ሐጂ። ክርስቲያንም ሙስሊምም አይደለሁም። ያገኘሁትን እበላለሁ።»

ስም ማውጣት የተጀመረው ያኔ ነው።

«ከሃዲ ነዋ!» አለ አንዱ ከበሩ አጠገብ።

«አንተን ምንህን ካድኩህ?» አልኩት።

«ማተብ የሌለው ሰው እኔ አጠገብ አይተኛም» አለ ሌላው። ማተብ የለውም ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክሩን ብቻ ማለቱ አይደለም። አይታመንም፣ ዕቃችሁን ጠብቁ ማለቱ ነው።

አጠገቤ የሚተኛው ልጅ ሊያስታርቅ ገባ። ወለጋ ተወልዶ ቦሌ ያደገ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጴንጤ ነው። ደግ ልጅ ነበር። «ወንድሜ፣ ኤቲስት ነህ ማለት ነው» አለኝ። «በአማርኛ ኢአማኒ ይባላል። ኖርማል ነው እኮ፣ ውጭ አገር ሞልተዋል።»

«እኔ ውጭ አገር አይደለሁም። ላምበረት ነኝ።»

«እሺ ሃይማኖት የለሽ እንበልህ?»

«አትበሉኝ።»

«ታዲያ ምን እንበልህ?»

«ስም አለኝ እኮ!»

ነገሩን ያከረርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሠላሳ ዓመት እስኪያልፈኝ መሃይም ነበርኩ። ቢሮ በገባሁ ቁጥር «መሃይም ነው፣ በጣቱ ያትም» ሲባል እየሰማሁ ነው የኖርኩት። ስሜን የሚጠይቅ የለም፤ የሌለኝን ነገር ይጠሩታል፣ እሱ ስሜ ይሆናል። ያን ስም ስለጠላሁት ከሥራ በኋላ፣ ልጆቼ ከሚሆኑ ልጆች ጋር ተቀምጬ፣ ሀ ሁ ቆጥሬ ጣልኩት። ያኛው እውነትም ጉድለት ነበር። ማንበብ ጎድሎኝ ነበር፣ ሞላሁት። ይኼኛው ግን ጉድለት አይደለም። ሰው ክንፍ የለውም፤ ክንፍ የለሽ ብሎ የሚጠራው ግን ሰምቼ አላውቅም። እኔን ሲሆን ጊዜ የለሽ፣ ቢስ፣ አልባ ይቀጥሉብኛል። ደግ ሆኖ የሚያወጣልኝም፣ ሊሰድበኝ የሚያወጣልኝም፣ ያው ጎደሎ ነው የሚያደርገኝ።

ሐጂ በበነጋው ለብቻ ሆነን ሳለ በቀስታ ጠየቁኝ።

«ማን በድሎህ ነው ልጄ? ሰው ሞቶብህ ነው?»

ይኼን የማይጠይቅ የለም። አንድ ቁስል ይፈልጉልኛል። ማንም አልበደለኝም። ማንበብ ስችል ሰው ሁሉ፣ «እንግዲህ ቃሉን ታነባለህ» አለኝ። አነበብኩ። የአንዱንም የሌላውንም ወገን አነበብኩ። ደግ ነገር አለበት፣ የሚያስፈራም አለበት። አላመንኩም። አለቀ። ይኼንኑ ለሐጂ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ሲጨንቅህ ማንን ትጠራለህ?»

«ማንንም። እጨነቃለሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አላላቸውም። ሳህናቸውን ግን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሐጂ ሳህን በላሁ።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ በሩ ላይ ቆሞ አስታወቀ። ነገ የሃይማኖት አባቶች ይመጣሉ። እያንዳንዱ በእምነቱ መጽሐፍ ላይ እጁን ጭኖ፣ በሕገ ወጥ ሥራ ተሳትፌ ነበር፣ ተጸጽቻለሁ፣ አልደግመውም ብሎ ይምላል። የማለ ይወጣል።

ክፍሉ ሠርግ ቤት መሰለ። አንዱ ይዘፍናል፣ አንዱ ሸሚዙን በውኃ እየነካካ ያስተካክላል። የሒሳብ ሠራተኛው ብቻ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«ምነው?» አልኩት።

«እኛ ዘንድ መማል ራሱ አይፈቀድም» አለ። «ይኼ ደግሞ የሐሰት ነው። ያደረግኩት ነገር የለም።»

«እና?»

«ሚስቴ ወሯ ገብቷል። እምላለሁ። እሱ ይቅር ይለኛል።»

ከዚያ እኔ ላይ ዞረ። «አንተ ግን ምን ያስጨንቅሃል? እኔ ነኝ የምፈራው። ለአንተ እኮ ወረቀት ነው! እጅህን ጣል፣ ለፍልፍ፣ ውጣ። ቤትህ ገብተህ ሳቅባቸው።»

ልጁ ልክ ነው። የሚያይ ከሌለ፣ የሚቀጣ ከሌለ፣ ምን ይዞኛል? ቆርቆሮዬ እየፈረሰ ይሆናል፣ የሚጠብቅልኝ የለም። አንድ ደቂቃ የማትሞላ ነገር ናት። እራት እስኪመጣ ድረስ አሰብኩ። ሐጂ ሳህኑን ሲከፍቱ፣ እጃቸውን ከማስገባታቸው በፊት አፋቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። በየቀኑ የማየው ነገር ነው።

«ለእኔ ወረቀት ነው» አልኩት ልጁን። «ለሐጂ ግን ወረቀት አይደለም። ለአንተም አይደለም። እናንተ በምትፈሩት ነገር ላይ እጄን ጭኜ እያያችሁኝ ልዋሽ? ደግሞ አልተጸጸትኩም። ጥያቄ ነው የጠየቅኩት።»

ሐጂ ሰምተዋል። ጉርሻቸውን ውጠው ዞሩ።

«ይኼ ኩራት ነው ልጄ። ኩራት ደግሞ አይበላም።»

«አውቃለሁ ሐጂ።»

«ካወቅክ ደህና።»

በማግስቱ ግቢው ውስጥ አበባ ያለበት ፕላስቲክ የለበሰ ጠረጴዛ አወጡ። ሁለቱን መጽሐፎች አራርቀው አስቀመጧቸው። ቄስና ሼክ ከኋላ በወንበር ተቀመጡ። ሐጂ ታጥበው ቀረቡ፤ ምን እንዳሉ አልተሰማም፣ ከንፈራቸው ብቻ ነው የታየው። የሒሳብ ሠራተኛው ማለ። ሲመለስ ዓይኔን ሸሸ። እኔም መሬት መሬት አየሁ። ሰው ሲራቆት አይታይም።

ተራዬ ደረሰ።

«በየትኛው ትምላለህ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«በየትኛውም።»

«መዝገቡ ክርስቲያን ይልሃል።»

«መዝገቡን እኔ አልጻፍኩትም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ አንተ? ኮሚኒስት ነህ?»

«ጎሚስታ ነኝ።»

አንዱ ፖሊስ ሳቁ አመለጠው፤ ኢንስፔክተሩ ሲያየው ዋጠው። እኔ ለቀልድ አልነበረም። ምንድን ነህ ሲለኝ የሆንኩትን ነው የነገርኩት።

«እስክሪብቶ ስጡኝ» አልኩ። «የሆነውን በገዛ እጄ ጽፌ እፈርማለሁ። ስብሰባ ላይ ጥያቄ ጠይቄአለሁ። ሰው አልነካሁም፣ ድንጋይ አልወረወርኩም። ቃሌ ይኼ ነው።»

«ሃይማኖት የሌለው ሰው ደግሞ ምን ቃል አለው?»

ጮሆ አይደለም የተናገረው። ዝናብ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ነው ያለው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ስም ወጥቶልኛል፤ ሁሉም ወደዚህ እንደሚያደርስ የገባኝ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ቆሜ ነው። ከሃዲም አሉኝ ኢአማኒ፣ መጨረሻው ቃል የለህም ነው።

ቄሱ ወንበራቸው ላይ ተላወሱ። «ተዉት ልጄ» አሉት። «ያላመነውን ሰው አታስምሉት። ለእሱም አይበጅ፣ ለመጽሐፉም አይበጅ።»

«አባቴ፣ ይኼ የመንግሥት ሥራ ነው።»

ቄሱ ወንበራቸውን መልሰው ተደገፉ። ሼኩ ቀና አላሉም። እኔ ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

ሌሎቹ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን አጥፈው እኔ ቦታ ላይ አስቀመጡና ወጡ። ልጁ በሩ ላይ ቆም ብሎ፣ «እጸልይልሃለሁ» አለኝ። እንዳሻህ አልኩት። በሩ ሲዘጋ ክፍሉ ያ ሁሉ ሰው የተኛበት አልመስል አለኝ። እንደ ልቤ ተገላበጥኩ። መገላበጥ እንቅልፍ አላመጣም።

የሐጂ ሴት ልጅ በየሁለት ሦስት ቀኑ ምግብ ታመጣልኝ ነበር። ዘበኛው፣ «ያ ሃይማኖት የለሽ የት አለ? ምግብ መጥቷል!» ብሎ ይጮሃል። እሷ ከአጥሩ ውጭ ሆና፣ «ምን አደረገህ? ጎሚስታው አትለውም?» ስትለው አንድ ቀን ሰማኋት። ፊቷን አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ኢንስፔክተሩ ተዛወረ። ሌላ እስረኛ በብዛት መጣና ቦታ ጠበበ። አዲሱ ኃላፊ በሩን ከፍቶ፣ «አንተ፣ ዕቃህን ይዘህ ውጣ» አለኝ።

«መማል የለም?»

«ምን ያስምልሃል? ውጣ እንጂ!»

አሸነፍኩ ማለት አምሮኝ ነበር። ያሸነፍኩት ነገር የለም። ቦታዬ ለሌላ እስረኛ ተፈልጎ ነው የወጣሁት። ላምበረት ስደርስ ቆርቆሮዬ ተነሥቶ ሣር ተተክሎበታል። አንድ ሰው በጎማ ቱቦ ውኃ ያጠጣዋል።

አሁን የምሠራው ቡልቡላ፣ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ነው። ሐጂ እዚያ መሥራቴን ሰምተው የጭነት መኪናቸውን ወደ እኔ ይልኩ ጀመር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ጎማው ወለቀ። ሰው አልተጎዳም። ሾፌሩ፣ «ብሎኑ ማለቁን ለልጅዎ ነግሬዋለሁ» ይላል። መኪናውን የሚያስተዳድረው ወንድ ልጃቸው፣ «አልነገረኝም» ይላል። ሾፌሩ ሊባረር ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራበት ደግሞ ሌላ የሚቀጥረው የለም። መኪናው ከመነሣቱ በፊት ሁለቱም እኔ ዘንድ ስለነበሩ ሐጂ አስጠሩኝ። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል።

«ምስክሩ በምን ይማል?» አለ አንዱ ሽማግሌ።

ልጅየው ቀደም አለ። «እሱማ ሃይማኖት የለውም! የሱ ቃል ምን ይያዛል?»

ተነሥቼ ልሄድ ነበር። ሐጂ ልጃቸውን ሳያዩ ተናገሩ።

«አታስምሉት። ይኼ ሰው የሚምል ቢሆን ኖሮ ያን ቀን ከእኔ ጋር ይወጣ ነበር። ይናገር።»

ተናገርኩ። ሾፌሩ ነግሮታል፤ እኔ ፊት ነው የነገረው። ልጅየው፣ «ነገ ይቀየራል፣ አሁን ንዳ» ነው ያለው።

ሐጂ ሾፌሩን፣ «ነገ ሥራህ ግባ» አሉት። እኔን አላዩኝም።

ከዚያ ወዲህ ጎማቸውን ሌላ ቦታ ነው የሚያሠሩት። አልፈርድባቸውም፤ ልጅ ነው። ሰዉም ስም ማውጣቱን አልተወም፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ አንዱ ደንበኛ ጎማው እስኪነፋ ድረስ አዲስ ስም ሲፈልግልኝ ነበር። ጎማውን ነፍቼ ሸኘሁት። ድሮ ቢሆን እጣላው ነበር።

ቃሌ ያለ መሐላ የተያዘው የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ ነው።